ስለ እግራችን ደም ሥር እንነጋገር

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ብዙዎቻችን በረጅም ቀሚስ ሸፍነን ስለምንይዘው ነገር ነው። ከመካከላችን እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ አለች፤ ጉሊት የምትውል አለች፤ ፀጉር የምትሠራ፣ በምግብ ቤት የምታስተናግድ፣ በፋብሪካ ቆማ የምትውል፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ የምታስተምር አለች። ሥራችን ቢለያይም ማታ እግራችን የሚነግረን ነገር ይመሳሰላል። እግር ይከብዳል፤ ባት ይወጠራል፤ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚት ላይ የጎደጎደ ምልክት ትቶ ይወጣል፤ ሌሊት ባታችንን ሸምቅቆን እንነቃለን። ከጉልበት በታች ደግሞ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሥር ይታያል።

ሐኪሞች ይህን ቫሪኮስ ቬን ይሉታል። በየሰፈራችን «ደም ሥሬ ተገተረ»፣ «ሥሬ ወጣ» ሲባል የሚሰማው ይኸው ነው። ቀጭን ቀይ ወይም ሰማያዊ መስመር ሆኖ ቆዳ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋው ደግሞ ታናሽ እኅቱ ናት፤ ስፓይደር ቬን ትባላለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና ዛሬ ሳንደብቅ እንነጋገርበት። የምንናገረው ሦስት ነገር ነው። ችግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው በቤት እንደሚያዝና የትኛው ሐኪም እንደሚፈልግ፣ በመጨረሻም ማኅበራችን በጋራ ሊያደርግ የሚችለውን።

ዳገት የሚወጣ ደም

በትምህርት ቤት ደም ቅዳና ደም መልስ የሚባሉትን የተማርን እናስታውሳለን። ደም ቅዳ ከልብ ተነሥቶ ደምን ወደ ሰውነት ያደርሳል፤ ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ ይመልሳል። የዛሬው ጉዳያችን የእግር ደም መልስ ነው። ለቆመ ሰው ከቁርጭምጭሚት እስከ ልብ ያለው መንገድ ዳገት ነው። ልብ ደሙን ወደ ታች ለመስደድ ጉልበት አለው፤ ሽቅብ ለመመለስ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ረዳት ይፈልጋል።

አንደኛው ረዳት የባታችን ጡንቻ ነው። በተራመድን ቁጥር ይጨመቅና በመካከሉ ያለውን ደም ወደ ላይ ይገፋል። ሐኪሞች «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ረዳት በደም መልሱ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ናቸው። ቫልቭ ማለት ትንሽ በር ማለት ነው። ደሙ ወደ ላይ ሲያልፍ ይከፈታል፤ ወደ ታች ልመለስ ሲል ይዘጋል። በጣሊያን አገር በፓዶቫ ያስተምር የነበረው ሐኪም ፋብሪቺየስ በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ «ትናንሽ በሮች» ብሎ የጠራቸው እነዚህን ነው። የእሱ ተማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደግሞ ደም በሰውነት ውስጥ ዞሮ እንደሚመለስ በ1628 ሲያስረዳ አንዱ ማስረጃው እነዚሁ በሮች ነበሩ።

የደም መልሱ ግድግዳ ሲላላና ሲሰፋ የበሩ ሁለት ክንፎች አይገናኙም። በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ደሙ በዚያ ሾልኮ ወደ ታች ይመለስና ይጠራቀማል፤ ክብደቱም ከበታቹ ያለውን በር ያስጨንቃል። ከምንጭ እስከ ሰፈር ዳገቱን ተሰልፈን ጀሪካን ስንቀባበል አንዷ ብትደክም ሸክሙ ከበታቿ ባለችው ላይ እንደሚከመር ማለት ነው። እሷም በተራዋ ትደክማለች። በእግራችን ላይ የምናየው የተጠማዘዘ ሥር በሮቹ ደክመው ደም የተጠራቀመበት ሥር ነው።

ስለዚህ ነገሩ የመጋኛ ወይም የምች ሥራ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን አጣምሮ በመቀመጥም አይመጣም።

ለምን በእኛ ላይ ይበረታል?

ሳንንቀሳቀስ ስንቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። በሮቹ ጤነኛ ከሆኑና ከተራመድን ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። ይህን ልብ ብላችሁ ያዙልን። እግራችንን ይበልጥ የሚጎዳው አንድ ቦታ ተተክሎ መቆም ነው። ገበያ ዞራ የምትሸጥ ሴት እግሯ ቢደክምም ባቷ ደሙን ይገፋላታል። ከምጣድ ፊት ሳትነቃነቅ 5 ሰዓት የቆመችው ግን ሁለተኛው ልቧ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥም እንዲሁ ደሙን ያቆመዋል።

ሁለተኛው ምክንያት እርግዝና ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነታችን ያለው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላል። ማሕፀንም እያደገ ሲሄድ ከእግር የሚመለሱትን ትልልቅ ደም መልሶች ይጫናል። ብዙ ጊዜ በእርግዝና የወጣው ሥር ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይቀንሳል፤ ወሊድ በተደጋገመ ቁጥር ግን እየቆየ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዘር ነው። እናቷ ወይም አባቷ ያለባቸው ሴት እሷም የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት መጨመርና ቀደም ሲል በእግር ላይ የደረሰ የደም መርጋትም ይጨመራሉ።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ስለምትጠይቁን እግረ መንገዳችንን እንመልስ። የተገተረ ደም ሥር መኖሩ ብቻውን ኪኒን፣ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረውን ላለመጠቀም ምክንያት አይሆንም። ከዚህ በፊት በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም የረጋባት ሴት ግን ኤስትሮጅን ያለበትን ኪኒን መውሰድ የለባትም። ለጤና ባለሙያዋ ይህን አስቀድማ ትንገራት።

ሁሉም አንድ ደረጃ ላይ አይደለም

በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ከ0 እስከ 6 የሚቆጠር የደረጃ መለኪያ አለ። እያንዳንዳችን የት እንደቆምን ለማወቅ ስለሚረዳን በቀላሉ እንናገረው።

0 ማለት በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ እግር ግን ይከብድ ይሆናል። 1 ማለት ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ሥሮች ይታያሉ፤ የሸረሪት ድር የሚመስሉት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት እዚህ ውስጥ ናቸው። 2 ማለት 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው የተጠማዘዘ ሥር ነው። 3 ማለት እግር ማበጥ ጀምሯል፤ ጠዋት ይቀንሳል፣ ማታ ይጨምራል። 4 ማለት ቆዳው ተለውጧል። 5 ማለት ቆስሎ የዳነ ቦታ አለ። 6 ማለት አሁን የተከፈተ ቁስል አለ።

ከእነዚህ ውስጥ 4ኛው ደረጃ የሚሸወዱበት ነው። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ በተለይ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው ይጠቁራል፤ ይደርቃል፤ ያሳክካል፤ እየቆየ እንደ ቁርበት ይጠነክራል። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም ስለማይታይ ብዙ ጊዜ «ችፌ ነው» ተብሎ በቅባት ይታለፋል። በእጅ ዳሰስ አድርጎ ከሌላው ቦታ ጋር ማወዳደር ይሻላል። ቆዳው እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሰ ትንሽ ጭረት ወይም የትንኝ ንክሻ እንኳን ሊቆስልና ለወራት አልድን ሊል ይችላል። ሐኪም ዘንድ መሄጃው ጊዜ ይህ ነው፤ 6ኛውን መጠበቅ አያስፈልግም።

እግር ያበጠ ሁሉ ግን የደም ሥር ችግር የለበትም። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ዝሆኔ አለ፤ እሱ ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ ያብጣል። የልብና የኩላሊት ሕመምም ሁለቱንም እግር ያሳብጣል። ነፍሰ ጡር ሆና ፊቷና እጇ ያበጠ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ የተሰማት ሴት ነገሩን ከደም ሥር ጋር ሳታያይዝ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መድረስ አለባት። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለእሷም ለልጇም አደገኛ ነው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

አራት ነገሮችን ለልጆቻችሁም ለጎረቤታችሁም ንገሩልን።

አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ባቱን ቢያም፣ በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን መታየት አለበት። ከዚህ ጋር ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላልና አንድ ደቂቃም አይቆይም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የወጣው ሥር እንደ ገመድ ጠጥሮ ቢሞቅና ሲነካ ቢያም፣ ከቆዳ ሥር ያለው ሥር ተቆጥቶና ደም ረግቶበት ይሆናል። አይታሽም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ባለሙያ ይየው።

ከቁርጭምጭሚት በላይ የወጣ ቁስል በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠገገ ጤና ጣቢያ ይታይ።

አራተኛው ሥሩ ፈንድቶ ቢደማ ነው። ቆዳው የሳሳ ከሆነ በትንሽ ግጭት ሊሆን ይችላል፤ ደሙም ብዙ ስለሚሆን ያስደነግጣል። ወዲያው መተኛት፣ እግሩን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ በንጹሕ ጨርቅ የሚደማውን ቦታ አጥብቆ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ መጫን ነው። ከላይ በገመድ ወይም በመቀነት ማሰር አያስፈልግም። ደሙ ሲቆም ወደ ሕክምና መሄድ፤ ካልቆመም እየተጫኑ መሄድ ነው።

በየቀኑ የምናደርገው

አሁን ደግሞ ብዙ ገንዘብ ወደማይጠይቀው እንምጣ። እነዚህ ነገሮች የተበላሸውን በር አይጠግኑም። ነገር ግን ሕመሙን ያቀላሉ፤ እብጠቱን ይቀንሳሉ።

የመጀመሪያው ባትን ማሠራት ነው። ተረከዝን ከመሬት ማንሣትና መመለስ፣ በአንድ ጊዜ 20 ያህል። እንጀራ ጋጋሪዎች አክንባሎውን ከድናችሁ እንጀራው እስኪበስል የምትጠብቁት ጊዜ አለ፤ ለዚህ ይበቃል። ፀጉር ሠሪዎች በሁለት ደንበኛ መካከል፣ አስተማሪዎች ተማሪ ሲጽፍ፣ ቅዳሴ የምናስቀድስም ቆመን ሳለን ማንም ሳያየን ልናደርገው እንችላለን። ጉሊት ለምትቀመጡ ደግሞ እግርን ዘርግቶ የእግር መዳፍን ወደ ራስ መሳብና መመለስ ያው ሥራ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ መራመድም አይረሳ።

ሁለተኛው እግርን ማሳረፍ ነው። ማሳረፍ ማለት እግር ከልብ ከፍ ሲል ነው። በርጩማ ላይ እግር መስቀል ጥሩ ነው፤ የሚሻለው ግን ፍራሽ ላይ በጀርባ ተኝቶ ተረከዝን ግድግዳ ወይም ሁለት ትራስ ላይ ማድረግ ነው። ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ። ነፍሰ ጡሮች በጀርባ ከመተኛት ይልቅ በግራ ጎን ይተኙ።

ሦስተኛው ቆዳን መጠበቅ ነው። እግርን ታጥቦ ማድረቅ፣ በቫዝሊን ማለስለስ፣ አለማከክ፣ እሾህና እንጨት እንዳይጭረው መሸፈን።

አራተኛው የሕክምና ካልሲ ነው። ይህ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ የሚሄድ ነው፤ ደሙን ሽቅብ ያግዘዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ሳያብጥ ይጠለቃል፤ ማታ ይወልቃል። በግምት አይገዛም፤ ቁርጭምጭሚትና ባት በሜትር ተለክቶ ነው። ላስቲኩ በ6 ወር ገደማ ስለሚላላ ይለወጣል። አንድ ጥንቃቄ አለው። ስኳር ያለባት፣ እግሯ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝ ወይም ትንሽ ስትራመድ ባቷን የሚያማት ሴት ደም ቅዳዋ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያያት አትልበስ። ደም በደንብ የማይደርሰውን እግር ማጥበቅ ይጎዳዋልና።

የማይደረገውንም እንናገር። የወጣን ሥር በዋግምት ማስበጣት ቁስልና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ በሩን አይዘጋም። የጠጠረና የሞቀ ሥርን ወጌሻ ማሳሸት የረጋውን ደም ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ጉልበት ሥር በመቀነት አጥብቆ ማሰር ደሙን ጭራሽ ታች ያስቀረዋል። «ሥር ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ቅባትም ከቆዳ በታች ያለውን በር አይደርስበትም። ያ ገንዘብ ካልሲ ይገዛል።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ሕክምና የሚጀምረው በአልትራሳውንድ ነው። ዶፕለር የሚባለው ዓይነት ደሙ ወዴት እንደሚሄድና የትኛው በር እንደሚያፈስ ያሳያል፤ አያምም። ከቆዳ በላይ የሚታየውን ብቻ አይቶ መርፌ ለመውጋት የሚቸኩል ካለ መጀመሪያ ይህን ምርመራ ጠይቁት።

የተበላሸውን ሥር ለመዝጋት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በሙቀት መዝጋት ነው፤ ቀጭን ሽቦ መሰል መሣሪያ በደም መልሱ ውስጥ ይገባና በሌዘር ወይም በራዲዮ ሞገድ ግለት ሥሩን ከውስጥ ያጣብቀዋል። ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፤ ታካሚዋ በዚያው ቀን ተራምዳ ቤቷ ትገባለች። ሁለተኛው ስክለሮቴራፒ ነው፤ ፖሊዶካኖልን የመሰለ መድኃኒት እንደ አረፋ ተደርጎ በመርፌ ይሰጣል፤ የሥሩ ግድግዳ ተጣብቆ ሰውነት ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሥሩ ታስሮ ይወጣል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2013 ያወጣው መመሪያ እነዚህን በዚሁ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየከተማው አይገኙም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው ቢል የተሳሳተ ምክር ሰጠኝ ብላችሁ አትደንግጡ። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከወሊድ በኋላ ይቆያል።

«ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ያልፋል?» ትሉናላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከእግር የሚመለሰው ደም ከ10 እጅ 9ኙ የሚሄደው በጥልቁ፣ በጡንቻ መካከል ባሉት ደም መልሶች ነው። የሚዘጋው ከቆዳ ሥር ያለው፣ ደሙን ወደ ታች የሚያፈሰው ነው። ደሙ በደህናው መንገድ ያልፋል። ሌላ ሥር ከዓመታት በኋላ ሊወጣ እንደሚችል ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ቁስል ያለባቸው እኅቶቻችን ይህን በተለይ እንዲሰሙ እንፈልጋለን። በብሪታንያ 450 ታካሚዎች የተካፈሉበትና ውጤቱ በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። ሁሉም ቁስላቸው በሚጫን ፋሻ ይታሰር ነበር። ግማሾቹ የተበላሸው ሥር በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲታከምላቸው ተመደቡ፤ የቀሩት ደግሞ ሥሩ የሚታከመው ቆይቶ ነበር። መሀል ላይ ያለው ታካሚ ቁስሉ የዳነው ቶሎ ከታከሙት በ56 ቀን፣ ከቆዩት በ82 ቀን ነው። ቁስሉን ማጠብና ማሰር የግድ ነው፤ የሚያቆስለውን ሥር ቶሎ ማከም ግን አንድ ወር ገደማ ያተርፋል። ቀን በቀን ሠርታ ለምታድር ሴት አንድ ወር ብዙ ነው።

የሸረሪት ድር የመሰሉት ቀጫጭኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ናቸው። ለመልኳ ብላ የምትታከምን ሴት ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ እግሯ ነው፣ ደስታዋ ነው። ግን ሦስት ነገር ትወቅ። የመርፌው ሕክምና ብዙ ጊዜ መመላለስ ይፈልጋል። ከመርፌው በኋላ ቆዳው ለወራት ሊጠቁር ይችላል። ሌዘር ደግሞ ጥቁር ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል መሣሪያው ለእኛ ቆዳ የሚሆን መሆኑን ጠይቃ፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ላይ አስሞክራ ትጀምር። ገንዘቧ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነም የሚያብጠውና የሚያሳክከው እግር ይቅደም።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

እስካሁን የተናገርነውን ብዙዎቻችሁ በከፊል ታውቁታላችሁ። ታዲያ አንዲት እናት ቁስሏን ይዛ ለምን ትከርማለች? ካርድ የምታወጣበት ስላጣች ብቻ አይደለም። ሐኪም ቤት የዋለች ቀን ጉሊቷ ባዶ ይውላል፤ ያልተጋገረው እንጀራ ደንበኛ ያሳጣታል፤ ሪፈራል ሲጻፍላት ደግሞ ወደማታውቀው ትልቅ ሆስፒታል ብቻዋን ትሄዳለች። የቀኑ ገቢ ከሕክምናው ዋጋ ቀድሞ ያስቀራታል። ዕድራችን ስንሞት ይቀብረናል፤ ይህ ማኅበር ግን በሕይወት ሳለን ሠርተን እንድንበላ የቆመ ነው። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በርጩማ የሥራ ዕቃ ይሁን። ለምጣድ፣ ለፀጉር መሥሪያ ወይም ለሱቅ ዕቃ ብድር ስንፈቅድ ሥራው ተቀምጦም እንዲሠራ የሚያስችል ከፍ ያለ በርጩማ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ምጣዱ የሚቀመጥበትም ጠረጴዛ በዚያው ልክ ይሠራ። ተቀጥረን የምንሠራም አሠሪዎቻችንን በጋራ እንጠይቅ፤ አስተናጋጅ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ብትቀመጥ ሥራ አይጎድልም።

ሁለተኛ፣ ለካልሲ የሚሆን ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይመደብ። የጤና ባለሙያ አይቶና ለክቶ የጻፈላት አባል ካልሲውን ትውሰድ፤ ዋጋውን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ትመልስ፤ የተመለሰው ለቀጣይዋ ይሁን። ውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ብዙ ጊዜ ካልሲ በሻንጣ ልትልኩልን ትፈልጋላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የምንለምናችሁ መጠኑን ሳንልክላችሁ እንዳትገዙ ነው። ልኩ ያልሆነ ካልሲ ወይ አይሠራም፣ ወይ እግር ይጎዳል። ከካልሲው ይልቅ የአልትራሳውንዱን ወጪ ብትሸፍኑልን ደግሞ ብዙ እግር ትደርሳላችሁ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመር። በዚያ መለኪያ 4ና ከዚያ በላይ ያለች አባል ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ቀን ይወሰን፤ አንዷ አብራት ትሂድ፤ ሌላዋ ጉሊቷን ትጠብቅላት ወይም እንጀራዋን ትጋግርላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆናችሁ መታወቂያችሁን አሳድሱ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈራል ሳትይዙም ወደ ሆስፒታል አትሂዱ። ከሦስቱ ሐሳቦች ገንዘብ የማይጠይቀው ይህ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ይቻላል።

እናቶቻችንና እኅቶቻችን፣ እነዚህ እግሮች ልጅ ያሳደጉ፣ ቤት ያቆሙ፣ ይህን ማኅበር እዚህ ያደረሱ እግሮች ናቸው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ቀሚሳችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ሁለቱንም እግር በብርሃን እዩ፤ ቁርጭምጭሚታችሁን ዳስሱ፤ በመለኪያው የት እንዳላችሁ ቁጠሩ። 3 የሆነች ለኮሚቴው ትንገረን፤ 4ና ከዚያ በላይ የሆነች እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ አትቆይ።

ረጅም ሰዓት ተቀምጣችሁ ሰምታችሁናል። ቡናው ከመቅረቡ በፊት ሁላችንም እንነሣና ተረከዛችንን 20 ጊዜ ከፍ ዝቅ እናድርግ።